«ፀረ እንግዳ» የተባለው ደም

አዳዳ ሲስተር አይደለችም። መጀመሪያ ይህ ይታወቅልኝ።

የአባቴ እህት ናት፤ ስሟ ዘይነባ ነው። እኛ ቤት ግን ትልቁም ትንሹም በኦሮምኛ «አዳዳ» ነው የሚላት፤ የአባት እህት ማለት ነው። የሥራ ዘመኗን በሙሉ ያሳለፈችው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ ሰንበቴ፣ ከዚያ ባቲ፣ መጨረሻ ላይ እዚሁ ከሚሴ። ዘንድሮ ጡረታ ስትወጣ አዳራሽ ተከራይተው ሸኟት። እኔም አዲሱን ሻሼን አስሬ ከፊት ወንበር ተቀመጥኩ። ንግግር ሊያደርግ የመጣው ሰውዬ ማይኩን ነካ ነካ አደረገና፣ «ሲስተር ዘይነባ ለረጅም ዘመን በርካታ እናቶችን በማዋለድ…» ብሎ ጀመረ።

በማዋለድ! አዳዳ እኮ በሕይወቷ አንድ ሕፃን አላዋለደችም! ነጭ ጋዋን የለበሰ ወንድ ሁሉ ዶክተር፣ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ሁሉ ሲስተር። ከመቀመጫዬ ተነሥቼ «ላቦራቶሪ ናት!» ልል ስል በዓይኗ መልሳ አስቀመጠችኝ። ብርድ ልብስና የምስክር ወረቀት ሰጧት፣ አጨበጨብን፣ ለስላሳ ጠጣን፣ አለቀ። ወረቀቱ ላይ የአያቴ ስም ተሳስቷል። እሱንስ ይሁን ብዬ ትቼዋለሁ።

ቤት ስንደርስ፣ «አዳዳ፣ አያናድድሽም?» አልኳት።

«ኢንተላኮ፣ ማዋለድም እኮ ሸጋ ሥራ ነው» አለችኝ እየሳቀች። ኢንተላኮ፣ የኔ ልጅ ማለቷ ነው፤ ንዴቴን ልታበርድ ስትፈልግ እንዲህ ትለኛለች።

«አይ አዳዳ! ምንም የማያናድድሽ ሰው ነሽ።»

ሳቋ ቆመ። «የሚያናድደኝማ አለ» አለች። «አንድ ቃል አለ። እስከ ዛሬ ከአፌ አላወጣውም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገቧ ቁጭ እያልኩ አስወራታለሁ። እሷ ተናግራው የምታልፈውን እኔ እጽፈዋለሁ። መጻፍ እንደምችል ያወቅኩት ዘንድሮ ነው። የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ለክፍሉ ሁሉ ካነበቡ ወዲህ እጄ አላርፍ ብሏል፤ ወላሂ ደስ ይላል! የሚናደድ ሰው መጮህ ብቻ ነው ያለው ብዬ ነበር የማስበው። ለካ መጻፍም አለ።

ሰንበቴ ስትመደብ ገና ወጣት ነበረች። ሥራውን ያስተማሯት ጋሽ እንድሪስ የሚባሉ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። የሰንበቴ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው፤ ከአፋር ቆላ የመጣውም ከደጋ የወረደውም ከብቱን ሸጦ ሲጨርስ ነው የታመመበትን ሰው ይዞ የሚመጣው። ስለዚህ ትኩሳትም የገበያ ቀን ነበረው። በዚያ ቀን በሩ ላይ ያለው ግፊያ ከፍየል ተራው አይተናነስም፣ ትላለች አዳዳ።

ጋሽ እንድሪስ ግፊያው አያስቸኩላቸውም። ጣት ከመውጋታቸው በፊት ስም ይጠይቃሉ፤ መልሰው ጮክ ብለው ይጠሩታል፤ ሰውየው «አዎ፣ እኔ ነኝ» እስኪል መርፌውን አያነሡም። ደሙን መስታወቱ ላይ ቀብተው ሲያስቀምጡ ከገበያ በገዙት ወንፊት ይከድኑታል። አዳዳ መጀመሪያ ቀን ወንፊቱን አይታ ስቃ ነበር።

«ምን ያስቅሻል?» አሏት።

«ዱቄት የምንነፋ መስሎኝ ነው፣ ጋሼ።»

«ዝንብ ደም ትወዳለች፣ ልጄ። ያልደረቀውን ካገኘች ትልሰዋለች። ከዚያ አንቺ በማይክሮስኮፕ የምታይው ከዝንብ ምሳ የተረፈውን ነው። ወባው በሆዷ ሄዷል።»

መብራት ሲጠፋ (አይጠፋም ነበር ብላችሁ ነው?) የማይክሮስኮፑን መስታወት ወደ መስኮቱ አዙሮ ፀሐይ መያዝን አስተማሯት። ደመና ሲያልፍ እጅን አቁሞ መጠበቅን፣ ተውሳክ አንድ ጥግ ላይ ሲገኝ «አገኘሁ» ብሎ አለማቆምን፣ እስከ ዳር ማየትን አስተማሯት። ከሁሉም ግን አዳዳ የምታነሣው አንድ ልማዳቸውን ነው። ሌላው ባለሙያ ተውሳክ ሲያጣ «ነፃ» ብሎ ይጽፋል። ጋሽ እንድሪስ «አላየሁም» ነበር የሚጽፉት።

አንድ ቀን አለቃቸው መጥቶ፣ «አላየሁም ምን ማለት ነው? ዓይንዎን አሞዎታል እንዴ?» አላቸው።

«ዓይኔ ደህና ነው፣ አልሃምዱሊላህ።»

«ታዲያ ነፃ ነው ብለው ይጻፉ!»

«ነፃ መሆኑን አሏህ ነው የሚያውቀው። እኔ መስታወቱን ዳር እስከ ዳር አየሁ፤ አላየሁም። ያላየሁትንና የሌለውን አንድ አላደርግም።»

አለቃው እየተነጫነጨ ሄደ። አዳዳ ግን ጡረታ እስክትወጣ ድረስ «አላየሁም» እያለች ነው የጻፈችው። ስንቱ እንደሳቀባት!

ባቲ ስትዛወር ሥራው ራሱ ተለወጠ። ይህን እኔ እንደገባኝ ላስረዳ። ወባ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ጠላትን ራሱን ነው የምትይዢው። ቫይረስ ግን በዚያ ማይክሮስኮፕ አይታይም፤ እጅግ ትንሽ ነው። ስለዚህ ደም ውስጥ የሚፈለገው ቫይረሱ ብቻ አይደለም፤ ሰውነት ቫይረሱን ለመያዝ ብሎ የሠራው ነገርም ይፈለጋል። አዳዳ ስታስረዳኝ፣ «ሌባውን ማየት ሲያቅትሽ የጮኸውን ውሻ ትፈልጊያለሽ» አለችኝ። «ግን ጠንቀቅ በይ። ውሻው አምና የጮኸው ሊሆን ይችላል። ወይ ደሞ ለሌባው የአክስት ልጅ የጮኸው ሊሆን ይችላል።»

የአክስት ልጅ ያለችው ቀልድ አይደለም። ደንጊ የሚባለው በትንኝ የሚተላለፍ ትኩሳትና ቢጫ ወባ ዘመዳሞች ናቸው። መዥገር ከምታስተላልፋቸው ውስጥ እንኳ የዚያው ዘር የሆኑ አሉ። የቢጫ ወባ ክትባት የተከተበ ሰው ደም በደንጊ መመርመሪያ ላይ ሊጮህ ይችላል። ስለዚህ ምርመራው ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። ይህን የሚሰማት ግን አልነበረም! ወባ ያልተገኘበት ባለ ትኩሳት ሁሉ «ታይፎይድ» ይባላል፤ የታይፎይዱም ምርመራ ያው የውሻ ጩኸት ነው፤ አንድ ጠብታ ደም፣ አንድ ጠብታ መድኃኒት፣ ነቅነቅ፣ ረጋ፣ «ታይፎይድ አለብህ!» ጨፋ ሜዳ ላይ ከብት ሲጠብቅ የሚውል ሰው ስንት ነገር ያልጮኸበት ደም አለው? ማን ይጠይቃል? በመርፌ ወግቶ መሸኘት ይቀላል።

እንግዲህ ወደ ቃሉ ልምጣ።

ያ ሰውነት የሚሠራው ያዥ ነገር በአማርኛ «ፀረ እንግዳ አካል» ይባላል። ማን እንዳወጣው አላውቅም። ግን ያወጣው ሰውዬ ባቲ እንዳልደረሰ እምላለሁ!

ባቲ ውስጥ «እንግዳ» ማለት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ግመል ይዞ ከቆላ የሚወጣ አፋር ሁሉ ባቲ ውስጥ አሳዳሪ አለው። አሳዳሪው ቤቱን ይከፍታል፣ ግመሉን በግቢው ያስራል፣ ገበያ ላይ አብሮት ይቆማል። አባትየው ያደረበት ቤት ልጁም ያድራል። አሳዳሪው ይዞት የገባውን ሰው ማንም «አንተ ማነህ?» አይለውም። «ፀረ» የሚለውን ቃል ደግሞ ሰዉ የሚያውቀው ከሬዲዮ ነው፤ ፀረ ሰላም፣ ፀረ ሕዝብ፣ ፀረ ልማት። ፀረ የተባለ ሰው ቀጥሎ የሚጠብቀው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሁመድ የግመል ነጋዴ ነበር። ትልቅ ሰውዬ፣ ሲስቅ ጥርሱ ሁሉ የሚታይ። አሳዳሪው አባ ጀማል ናቸው፤ አፋርኛን እንደ አፍ መፍቻቸው የሚያውቁ ሽማግሌ። ቆላው ላይ ደንጊ በገባበት ጊዜ ሁመድም ባቲ እንዳለ ትኩሳት ያዘው፤ አጥንቱን ሰበረው፣ ከዓይኑ ጀርባ አመመው። አባ ጀማል አዳዳ ወደምትሠራበት ወሰዱት። የቦታውን ስም አልጽፍም፤ አዳዳ ከልክላኛለች። የደንጊው መመርመሪያ መሥመር አወጣ፤ ደንጊ ነው። ውሃ እየጠጣ፣ እየተከታተሉት፣ ዳነ። ሊሰናበት በመጣ ቀን በዚያ ዘመን የነበረው ኃላፊ ብቅ አለና ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«አይዞህ ሁመድ! ደምህ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል ተገኝቷል!»

ሁመድ የገበያ አማርኛ ያውቃል። ቀስ ብሎ ወደ አባ ጀማል ዞረ።

«ምን አለ ይሄ ሰውዬ?»

አባ ጀማል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በደምህ ውስጥ… እንግዳ የሚጠላ ነገር አለ፣ ነው የሚለው።»

ሁመድ ብድግ አለ። «እኔ? ፀረ እንግዳ? ውረድና ቆላውን ጠይቅ! የኔን ወተት ሳይጠጣ ያለፈ መንገደኛ ካለ አምጣልኝ! ደሜን መልሱልኝ!»

«ሁመድ፣ አብሽር፣ ተቀመጥ» አሉ አባ ጀማል።

«አልቀመጥም! ደሜን ይመልሱልኝ!»

አባ ጀማልም ወደ ኃላፊው ዞሩ። «ይሄ ሰው እኔ ቤት ሲያድር ጸጉሬ ሸበተ። እንዲህ ያለ ነገር አላየሁበትም። ዕቃችሁ ነው የተበላሸው።»

አዳዳ የደም ብልቃጥ በእጇ እንደያዘች ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነበር። ኃላፊውም ሳቀ። «በሽታውን ማለቴ እኮ ነው! እንግዳው በሽታው ነው። ካሁን በኋላ ደምህ አያስገባውም። አንዴ ይዞሃል፣ አበቃ! ዳግመኛ አይነካህም።»

አባ ጀማል ይህንንም በአፋርኛ አስረዱት፤ ሁመድ ትንሽ አሰበና ተቀመጠ። «ታዲያ እንደዚያ አትልም? እንግዳ በሽታ ነው እንዴ?»

ሁሉም ሳቁ። የአዳዳ ሳቅ ግን እዚያው ሞተ። «ዳግመኛ አይነካህም» የሚለውን ሰምታለችና።

ኃላፊውን ኮሪደር ላይ አስቆመችው። «ደንጊ አራት ወንድማማች ነው» አለችው። «ደሙ የሚያውቀው አንዱን ነው። ሌላው ወንድም ከመጣ እንዲያውም ሊብስበት ይችላል። ተመልሰህ ንገረው።»

«ዘይነባ፣ ሕዝብ አታሸብሪ። ሰውየው ደስ ብሎት እየሄደ ነው።»

«ደስታ አይደለም የጠየቀን!»

«አንዴ ተናግሬያለሁ። አሁን ወጥቼ ተሳስቻለሁ ልበል?»

አዎ! ተሳስቻለሁ በል! ምን ይጎድልብሃል? እኔ ይህን ስጽፍ እንኳ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። አዳዳ ራሷ ሮጣ ወጣች፤ ሁመድ ግመሎቹን ነድቶ ወርዷል። ለአባ ጀማል ነገረቻቸው። «ሲመጣ እነግረዋለሁ፣ ኢንሻአላህ» አሉ፤ ግን እሳቸውም ልባቸው አላመነም። ኃላፊ የተናገረው ይበልጣል።

ወሬው ደግሞ እንደ ሌላ ቦታ ወሬ አይደለም። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ሰላምታው ዳጉ ነው። የሰማውን፣ ያየውን ሁሉ ሳይጨምር ሳይቀንስ ያቀብላል፤ ተቀባዩም ለሚቀጥለው ያደርሳል። ኔትወርክ በሌለበት ሁሉ ይደርሳል። ሁመድም አደረሰ፤ «ደንጊ አንዴ የያዘው ሰው ዳግመኛ አይያዝም፤ ሐኪም ነግሮኛል።» ዳጉ አልዋሸም። የዋሸው ነጭ ጋዋን ነው።

አዳዳ ዝም አላለችም። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር እጇን ታወጣለች። እጇን ባወጣች ቁጥር «ወደ አጀንዳችን እንመለስ» ይባላል። በመጨረሻ «ለሥራው ቅልጥፍና» ሲባል ወደ ከሚሴ ተዛወረች። ቅልጥፍና! እኛ ግን ደስ አለን፤ እኛ ቤት ገባችልን። ከሚሴ ላይ ለሥራ የሚመጡ ወጣቶችን ስታሠለጥን «ፀረ እንግዳ» የሚለውን ቃል ከአፏ አታወጣም ነበር። «የደም እጅ» ነው የምትለው። «የደም እጅ ወጣ፣ አሮጌ ነው ወይስ አዲስ?» ስትል ይሳሳቃሉ። ይሳቁ። ቢያንስ በደሙ የተሰደበ በሽተኛ ከዚያ ክፍል አልወጣም።

ሁመድ ዳግመኛ የታመመ ቀን የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ነበር፤ ገና ትንሽ ነበርኩ። ከሰዓት ነው። የአዳዳ ስልክ ጠራ፤ እጇ ሊጥ ስለነካ ድምፁን ከፍ አድርጌ ያዝኩላት።

«ዘይነባ፣ አከም ጅርታ?» አሉ አባ ጀማል፤ እንዴት ነሽ ማለታቸው ነው።

«ነጋ፣ አልሃምዱሊላህ። ምነው ድምፅዎ?»

«ሁመድ ታሞብኛል። እኔ ቤት ነው የተኛው። ያ የድሮ ቦታሽ ወስጄው ነበር። ወባ የለም አሉ። በዚያች በደንጊዋ መመርመሪያ አዩት፤ መሥመር ወጣች፣ ደማቅ ናት። ያው ኃላፊ አይቶ፣ ይሄ የድሮው ነው፣ መከላከያ አለው፣ ደንጊ አይደለም አለና መርፌ አስወግቶ ሸኘን።»

«የምን መርፌ?»

«የሕመም ማስታገሻ ነው። ሰውነቱን ስለቆረጠመው።»

አዳዳ ሊጡን እንደያዘች ቆመች። «አሁንስ እንዴት ነው?»

«አሁንማ ማሻአላህ! ትኩሳቱ ለቆታል። ሆዴን ይላል፣ ያስመልሰዋል እንጂ፣ ቀዝቅዟል።»

«እጁን ይንኩልኝ።»

ነክተው ተመለሱ። «ቀዝቃዛ ነው። ላብ ላብ ብሎታል።»

«አባ ጀማል፣ ይስሙኝ። በዚህ በሽታ የሚያስፈራው ትኩሳቱ የሚወርድበት ሰዓት ነው። አሁኑኑ መኪና ይፈልጉና ደሴ ይውሰዱት። ግሉኮስ ያስፈልገዋል፤ ያ መርፌ ደግሞ ለመድማት ያጋልጣል።»

«ልጄ፣ ሐኪሙ ድኗል አለ እኮ። ደሙ ይከላከላል አለ።»

«ደሙ ነው በሩን የከፈተው!»

አዳዳ ስትጮህ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አባ ጀማል መጀመሪያ ወደ ኃላፊው ተመለሱ፤ ደሴ ያለ ወረቀት አይቀበሉንም ብለው ፈርተው። ኃላፊው በእጁ ጀርባ የሁመድን ግንባር ነካ። «ትኩሳት የሌለውን ሰው ምን ብዬ ልጻፍለት?» አለ። አባ ጀማል መኪና በራሳቸው ተከራዩ። ሁመድን አቅፈው ከኋላ ተቀመጡ። ድዱ መድማት ጀመረ፣ ከዚያ አፍንጫው። ኮምቦልቻ ሳይደርሱ አረፈ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ያቺ ደማቅ መሥመር እኮ ራሷ ማስጠንቀቂያ ነበረች! አሮጌው የደም እጅ ትኩሳቱ ገና እንደጀመረ እንዲህ ደምቆ ከወጣ፣ ይህ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ተይዞ ሊሆን ይችላል ብለሽ ትጠረጥሪያለሽ፤ ትከታተያለሽ፤ ያን መርፌ አትወጊም። አዳዳ ኮሪደር ላይ የነገረችው ይህንኑ ነበር። መጽሐፉ ላይም አለ። ያላነበበ አይደለም፤ አንዴ የተናገረውን ላለማጠፍ ነው። ዛሬ እድገት አግኝቶ ሌላ ቦታ ሥልጠና ይሰጣል። ሥልጠና!

ከቀብሩ በኋላ የሁመድ ቤተሰብ ባቲ መጡ። ታላቅ ወንድሙ ዓሊና የሁመድ ባለቤት ሐሊማ ናቸው የመጡት። አባ ጀማል ለአዳዳ ደወሉላት። «ግመሎቹን ሊወስዱ ነው የመጡት መሰለኝ» አሉ። «እኔ ነኝ የነገርኩት፣ ዘይነባ። አይይዝህም የሚለውን በኔ አፍ ነው የሰማው። ቤቴ ነው የገደለው።» ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም። ዓሊ ግመሎቹን ከዚያ ግቢ ፈትቶ ሌላ ቤት ካሰራቸው፣ ከቆላ የሚወጣ አፋር ሁሉ ይሰማል፤ ዳጉ ያደርሰዋል። እንግዳ የሞተበት፣ እንግዳ የሸሸው ቤት ይሆናል። አባ ጀማል ደግሞ ከዚያ ቤት ሌላ ስም የላቸውም።

አባቴ አዳዳንና እኔን ይዞ ሄደ። ግቢው ውስጥ ግመሎቹ ታስረዋል፤ ሰዎቹ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ዓሊ አያለቅስም፤ መሬቱን ብቻ ያያል። ሐሊማ ፊቷን በሻሿ ጠርዝ ሸፍናለች። አዳዳ ጫማዋን አውልቃ ከፊታቸው ተቀመጠች። በአማርኛ ጀመረች፤ አባ ጀማል ወደ አፋርኛ ይመልሳሉ።

«ዓሊ፣ ሁመድ ባቲ ሲገባ የት ነበር የሚያድረው?»

«እዚህ።»

«ገበያ ሲገባ ለምን ማንም አንተ ማነህ አይለውም?»

ዓሊ ቀና አለ። «አባ ጀማል ይዞት ሲገባ ማን ይጠይቀዋል?»

«በደማችንም እንዲሁ ነው» አለች። «መጀመሪያ ሲታመም ደሙ እጆች ሠራ። ያን በሽታ በመልኩ የሚያውቁ እጆች። ያው በሽታ ቢመለስ ኖሮ ከየአቅጣጫው ይዘው አያላውሱትም ነበር። የመጣው ግን ወንድሙ ነው። ይመስላል፣ እሱ ግን አይደለም። እጆቹ ያዙት፤ ግን አላሰሩትም። ላላ አድርገው ያዙት። በደም ውስጥ ደግሞ እነዚያ እጆች ያመጡለትን ሁሉ ተቀብሎ የሚውጥ አለ፤ ሥራው ውጦ መግደል ነው። የሚያውቀው እጅ ይዞት ስለመጣ በሩን ከፈተለት። በሽታው ግን ውስጥ ገብቶ አልሞተም፤ ወለደ። ያ እጅ ባይኖር እንደዚያ አይገባም ነበር።»

አባ ጀማል የመጨረሻውን ሲተረጉሙ ድምፃቸው ተሰበረ። አንዱ ግመል ሲያመሰኳ ይሰማኛል።

ሐሊማ ከሻሿ ሥር አንድ ነገር አለች። አባ ጀማል ቶሎ አልተረጎሙትም። አዳዳ አየቻቸው።

«እንግዲያስ ደሙም እንደሱ ነበር፣ ማንንም አይመልስም ነበር፣ ነው የምትለው» አሉ።

ከዚያ በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

«ያ ጋዋን የለበሰው ሰውዬ ይህን አያውቅም ነበር?» አለ ዓሊ በገበያ አማርኛው፣ በቀጥታ ለአዳዳ።

«ነግሬው ነበር።»

«እና?»

«እና እኔን አዛወሩኝ።»

ዓሊ በአፍንጫው ሳቀ፤ ሳቅ ከተባለ። «ፀረ ያለው ራሱን ነው» አለ። ከዚያ ወደ አባ ጀማል ዞሮ በአፋርኛ ረጅም ነገር ተናገረ። አባ ጀማል አንገታቸውን እየነቀነቁ፣ «አይ፣ አይ፣ እኔ ነኝ» ይላሉ። ዓሊ እጃቸውን ያዘ። ያን አልተረጎሙልንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ከዚያ ዓሊ ወደ አዳዳ ተጠግቶ ተቀመጠ። «እንደገና ንገሪኝ። ሳትቀንሺ።»

ነገረችው። እሱ ደግሞ መልሶ ለሷ ነገራት፣ ቃል በቃል። አንድ ቦታ ላይ፣ «ሁለተኛው ይገድላል» ሲል አስቆመችው።

«አይደለም። ብዙ ሰው ሁለተኛም ተይዞ ይድናል። ሊብስ ይችላል በል። ሆዱን ካመመው፣ ካስመለሰው፣ ከደማ፣ እጁ ከቀዘቀዘ፣ ትኩሳቱ ቢወርድ እንኳ ሐኪም ቤት ይዘውት ይሂዱ።»

«ሊብስ ይችላል» አለ ዓሊ። ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና ተናገረው። ሦስተኛውን ሲጨርስ አዳዳ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ልንሄድ ስንወጣ ከቆላ የመጣ አንድ ሰው ግመሉን እየሳበ መንገዱ ላይ ቆሟል። ከዓሊ ጋር እጅ ለእጅ ተነካኩ፤ ከዚያ ተያይተው ተቀመጡ። አባ ጀማል አጠገባችን ቆመው በሹክሹክታ ይተረጉሙልን ጀመር። ሰውየው ጠየቀ፤ ዓሊ መለሰ። ወንድማማቾቹ አራት መሆናቸውን፣ ላላ አድርጎ የያዘውን እጅ፣ የተከፈተውን በር፣ ሊብስ እንደሚችል፣ ትኩሳት ሲወርድ መዘናጋት እንደማይገባ ነገረው። አንዲት ቃል አልጎደለችም። አዳዳ እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛኛለች።

ሰውየው አንድ ጥያቄ ጨመረ።

«ሁመድ የት ነው የሞተው፣ አለው» አሉ አባ ጀማል።

ዓሊም መለሰ። አባ ጀማል፣ «በአሳዳሪያችን እቅፍ… ግመሎቼም እዚያው…» ብለው ቆሙ።

ሰውየው ተነሥቶ የግመሉን ገመድ ሰብስቦ ወደ ግቢው መራው። አባ ጀማል ዓይናቸውን ጠረጉና የሚያስሩበትን ቦታ ሊያሳዩት ቀደሙት።